ቍጥርና ቀለም፤ የፍራክታል ሥዕሎች የቀለም አመራረጥ ታሪክ ከስሜን ተራሮች ግርጌ ሲታይ

የዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ዓላማ በኮምፒዩተር የሚሠሩት «ፍራክታል» የተባሉ ሥዕሎች ቀለማቸው እንዴት እየተመረጠና እየታረመ እንደ መጣ በአጭሩ ማሳየት ነው። ርእሱ ለታሪክ ተማሪ እንግዳ ሊመስል ይችላል። አሳቡን በመጀመሪያ ለጓደኞቼ ባቀረብሁ ጊዜ አንደኛው «ቅርጹ የሒሳብ ነው፥ ቀለሙ ግን የሠሪው ፈቃድ ነው፤ ፈቃድ ደግሞ እውቀት አይባልም» ሲል ተከራከረኝ። ክርክሩ እንዲያው የሚናቅ አይደለም። ቀለሙ ለጌጥ ብቻ የተቀባ ከሆነ፥ ሥዕሎቹን አይተን ስለ ቅርጹ ተማርን የምንለው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እኔ ግን የተወለድሁት ዳባት፥ ያደግሁትም አክስቴ ስፌት ስትሰፋ ከአጠገቧ ተቀምጬ ስለ ሆነ፥ ቀለምና ቍጥር የማይተዋወቁ ነገሮች ናቸው የሚለው አነጋገር ከልጅነቴ ጀምሮ አይዋጥልኝም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ፍራክታል ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ከጨነቅ የተሻለ ስፍራ አላውቅም። ከጎንደር ደባርቅ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ በሳንቃበር በኩል ወደ ላይ የሄደ ሰው ከባሕር ጠለል በላይ 3600 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ከጨነቅ ይደርሳል። በገደሉ አፋፍ ቆሞ ወደ ታች ለተመለከተ፥ ትልቁ ገደል በትንንሽ ሸለቆዎች ተሰነጣጥቆ ይታያል፤ እያንዳንዱ ሸለቆ በፈረፈር፥ ፈረፈሩም ጎርፍ በሠራው ቦይ እንደዚሁ ተሰነጣጥቋል። ትንሹ ትልቁን ይመስላል። የአፋፉን ርዝመት በገመድ እለካለሁ የሚል ሰው ቢኖር፥ ገመዱ ባጠረ ቍጥር እያንዳንዱን ስንጥቅ ለመከተል ስለሚገደድ ርዝመቱ እየጨመረ ይሄድበታል። ቤንዋ ማንዴልብሮት የተባለው የሒሳብ ሊቅ በ1967 ስለ ብሪታንያ የባሕር ጠረፍ ርዝመት ባሳተመው ጽሑፍ ያነሣው ነገር ይኸው ነበር። በ1975ም «የተሰበረ» የሚል ትርጕም ካለው የላቲን ቃል አውጥቶ ለዚህ ዓይነቱ ቅርጽ «ፍራክታል» የሚል ስም ሰጠው።

የሒሳቡ ሥር ግን ከዚህ ይቀድማል። ጋስቶን ዡሊያና ፒዬር ፋቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፥ አንድን ሕግ በራሱ ውጤት ላይ ደጋግሞ መሥራት ምን እንደሚያስከትል መርምረው ነበር። የዡሊያ ትልቁ ሥራ በ1918 ታተመ። ሁለቱም የመረመሩትን ቅርጽ በሙሉ መልኩ በዓይናቸው ሳያዩት አለፉ፤ በእጅ አስልቶ መሣል የሚቻል አልነበረምና። ሮበርት ብሩክስና ፒተር ማቴልስኪ በ1978 በኮምፒዩተር አሠርተው በኮከብ ምልክቶች ያተሙት ሥዕል የመጀመሪያው ሲሆን፥ ማንዴልብሮት ደግሞ በ1980 በአይ ቢ ኤም የምርምር ጣቢያ በተሻለ ጥራት አወጣው። ዛሬ ስብስቡ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው።

ሕጉ ራሱ ከባድ አይደለም። አንድ ቍጥር ይመረጣል። ከዜሮ ተነሥቶ ውጤቱ በራሱ ይባዛል፥ የተመረጠው ቍጥር ይደመርበታል፤ የተገኘው እንደ ገና በራሱ ይባዛል፥ እንደ ገና ይደመርበታል። 1 ቢመረጥ ውጤቱ 1፥ 2፥ 5፥ 26 እያለ ያመልጣል። ከዜሮ በታች ያለው 1 ቢመረጥ ግን በእርሱና በዜሮ መካከል ሲመላለስ ይኖራል እንጂ ከቶ አያመልጥም። ቍጥሮቹ በካርታ ላይ እንዳለ ነጥብ ወደ ጎንና ወደ ላይ ሁለት ልክ ያላቸው ናቸው፤ ውጤቱ ከመካከሉ ከ2 በላይ ከራቀ ተመልሶ እንደማይመጣ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። የማያመልጡት ነጥቦች በአንድነት ሆነው ያን ልብ መሰል አካልና በዙሪያው የተንጠለጠሉትን ክብ እንቡጦች ይሠራሉ። እነዚህ በአብዛኛው ጥቁር ይቀባሉ።

ቀለሙ የሚመጣው ካመለጡት ነው። ያመለጡት ሁሉ በአንድ ፍጥነት አያመልጡም፤ አንዱ በ3 ዙር፥ አንዱ በ30፥ ሌላው በ300 ዙር ከ2 ያልፋል። ይህ የዙር ቍጥር ለእያንዳንዱ ነጥብ እንደ ከፍታ ሊቈጠር ይችላል። የአገራችን ሰው ምድሩን ቆላ፥ ወይና ደጋ፥ ደጋ፥ ውርጭ ብሎ እንደሚከፍለው ማለት ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ጨነቅ የሚወጣ ሰው የገብሱ ማሳ ሲያልቅ አስታውን፥ ከአስታው በላይ ጓሳውንና ጅብራውን ያገኛል። ካርታ ሠሪው እነዚህን የከፍታ እርከኖች አረንጓዴ፥ ቢጫ፥ ቡናማ፥ ነጭ አድርጎ ቢቀባቸው፥ ቀለሙን የመረጠው እርሱ ነው፤ የእርከኑን ዳርቻ ግን እርሱ አልፈጠረውም። ጓደኛዬ ያምታታቸው እነዚህን ሁለት ነገሮች ይመስለኛል።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን ታሪኩ ራሱ ያሳያል። በመጀመሪያዎቹ ጥቁርና ነጭ ሥዕሎች ዋናው አካል ለብቻው ቆሞ፥ በዙሪያው እንደ ጣና ደሴቶች የተበተኑ ነቍጦች ይታዩ ነበር። ማንዴልብሮትም በመጀመሪያ ስብስቡ ተቈራርጦ የተለያየ መሆኑን ገምቶ ነበር። አድሪያን ዱዋዲና ጆን ሀባርድ ግን በ1982 ስብስቡ በሙሉ አንድ ወጥ፥ የተያያዘ መሆኑን አረጋገጡ። ነቍጦቹን ከዋናው አካል ጋር የሚያያይዛቸው ክር እጅግ ከመቅጠኑ የተነሣ የኮምፒዩተሩ ነጥቦች በላዩ ላይ አያርፉም፤ በጥቁርና በነጭ ብቻ ለሚያይ ሰው ክሩ የለም። ውጭውን በዙር ቍጥር ከቀባነው ግን የቀለሙ እርከኖች በማይታየው ክር ግራና ቀኝ እየጠበቡ ይሰለፋሉ፤ ወንዙ ባይታይም በዳርቻው ካለው ዛፍ የወንዙ መንገድ እንደሚታወቅ ያለ ነው። ማረጋገጫው ከቀለም ተገኘ አልልም፤ በንጹሕ ሒሳብ የተገኘ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ሊቃውንት ለማረጋገጫቸው ከስብስቡ ውጭ ያለውን ምድር በእኩል ከፍታ መስመሮች ከፍለውታል፤ በቀለም እርከኖች መካከል ያሉት ዳርቻዎች ደግሞ ወደ ስብስቡ እየቀረቡ ሲሄዱ ወደ እነዚያው መስመሮች ይጠጋሉ። ስለዚህ ቀለሙ ያሳየው ነገር በእርግጥ ያለ ነገር ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ፈጣን ነው። በነሐሴ ወር 1985 «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» የተባለው መጽሔት ባለ ቀለሙን ሥዕል በሽፋኑ ላይ አወጣው፤ አሠራሩም ውስጥ ስለ ተገለጸ፥ ብዙ ሰው በቤቱ ኮምፒዩተር ይሞክረው ጀመር። በ1986 ሃይንዝ ኦቶ ፓይትገንና ፒተር ሪኽተር የተባሉ ጀርመናውያን «የፍራክታል ውበት» የሚል ትርጕም ያለው መጽሐፍ አሳተሙ። በ1987 የወጣው ቪ ጂ ኤ የተባለው የአይ ቢ ኤም ማሳያ ከ262,144 ቀለማት መካከል 256ቱን መርጦ በአንድ ጊዜ ለማሳየት አስቻለ፤ በ1988 የተጀመረው ፍራክቲንት የተባለው በነጻ የሚታደል ፕሮግራም ደግሞ እነዚያን 256 ቀለማት እንደ ገበታ አድርጎ ለተጠቃሚው ሰጠ። ገበታውን መለወጥ፥ ማስቀመጥ፥ ለሌላ ሰው መላክ ይቻል ነበር። ሥዕሉን እንደ ገና ሳያሰሉ ቀለማቱን ብቻ በክብ ማዞርም ይቻል ነበርና፥ እርከኖቹ እንደ ወንዝ ሲፈሱ ይታያሉ። ይህ ማሽከርከር ለመዝናኛ የተሠራ ቢመስልም ሥራ ነበረው፤ ዓይን በቆመ ቀለም የማያየውን ቀጭን ዳርቻ በሚንቀሳቀስ ቀለም ያያል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እመጣለሁ፤ እዚህ ላይ ጥቂት መቈየት ያስፈልጋል። በእጅህ 256 ቀለማት አሉ እንበል፤ የዙሩ ቍጥር ደግሞ እስከ 1000 ይደርሳል። በቀላሉ የሚታሰበው ለእያንዳንዱ ቀለም እኩል ድርሻ፥ ማለት 4 ዙር ያህል መስጠት ነው። እኩል ማካፈል ፍትሕ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ጭቃ ነው። ምክንያቱን በቍጥር ማየት ይቻላል። 0.25 በስብስቡ ጠርዝ ላይ ያለ ነጥብ ነው። ከእርሱ ጥቂት አለፍ ብለን 0.26ን ብንወስድ ለማምለጥ 30 ዙር ያህል ይፈጅበታል፤ 0.251ን ብንወስድ 97 ያህል፤ 0.2501ን ብንወስድ 312 ያህል። እንግዲህ ከ30 እስከ 312 ያሉት ዙሮች ሁሉ የተጨናነቁት ከአንድ መቶኛ በማትሞላ ርቀት ውስጥ ነው። የሥዕሉን አብዛኛውን ስፋት የሸፈኑት ከ10 በታች የሆኑት ዙሮች ግን በእኩል ድርሻው ሕግ ሁለት ሦስት ቀለም ብቻ ይደርሳቸዋል። ሜዳው አንድ ወጥ ይሆናል፤ ጠርዙ ደግሞ ብዙ ቀለማት በፀጕር ስፋት ውስጥ ተፋጭተው ዐመድ ይመስላል። (ሌላው ቀርቶ፥ በ30፥ 97፥ 312 ውስጥ የክብ ዙሪያ ለስፋቱ ያለው መጠን፥ 3.14 የሚባለው ቍጥር፥ ተሸሽጎ ይገኛል። ርቀቱ በመቶ እጅ ባነሰ ቍጥር ዙሩ በዐሥር እጅ እየበዛ ወደዚያ ቍጥር ይጠጋል። ከርእሳችን ውጭ ስለ ሆነ አልፈዋለሁ እንጂ ለብቻው ሊጻፍበት የሚገባ ነው።)

ለዚህ ችግር የተገኙት መፍትሔዎች የተለያዩ ናቸው። አንደኛው ገበታውን ማሳጠርና መድገም ነው፤ ቀለማቱ ካለቁ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ሁለተኛው በዙሩ ቍጥር ፈንታ ሎጋሪዝሙን መቀባት ነው፤ ያን ጊዜ ከ3 ወደ 30 ያለው እርምጃና ከ30 ወደ 300 ያለው እርምጃ እኩል ቀለም ያገኛሉ። ስኮት ድሬቭስ በ1992 «ነበልባል» የተባለውን የፍራክታል ዓይነት ሲያወጣ፥ የብርሃኑን መጠን በየነጥቡ ላይ ባረፈው ብዛት ሎጋሪዝም የወሰነው ስለዚሁ ነው፤ ያለዚያ ጥቂቱ ስፍራ ፈጽሞ ነጭ፥ የቀረው ፈጽሞ ጥቁር ይሆን ነበር። ሦስተኛው፥ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው፥ በመጀመሪያ እያንዳንዱ ዙር በሥዕሉ ላይ ስንት ነጥብ እንደ ያዘ ቈጥሮ ቀለሙን በያዘው ስፋት ልክ ማደላደል ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ከመቀባቱ በፊት መቍጠር አለበት።

ከመቀባት በፊት መቍጠር! ይህን በአንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ባነበብሁ ጊዜ ፊቴ ላይ የመጣችው አክስቴ ናት። በዳባትና በደባርቅ ሴቶች ስፌት እንዴት እንደሚሰፉ ለዚያ አገር ሰው መንገር ትርፍ ነው፤ ከሌላ አገር ለመጣ አንባቢ ግን ባጭሩ ልናገር። ሰንደዶው በውስጥ ይሆናል፤ በላዩ የተሰነጠቀው አክርማ በወስፌ እየተበሳ ይጠመጠማል። በቀለም የተነከረው አለላ ይባላል። ሰፌዱም ሆነ መሶቡ ከመካከሉ ይጀምርና እንደ ቀንድ አውጣ ቤት እየዞረ ይሰፋል። አንድ ዙር ከፊተኛው ዙር ይረዝማል፤ ስለዚህ በመካከሉ የተጀመረው ሦስት ማዕዘን ወይም ደረጃ መሰል ሐረግ መልኩን ሳይለቅ እንዲያድግ የተፈለገ እንደ ሆነ፥ በየዙሩ ስንት ጥምጥም እንደሚጨመር መቍጠር ግድ ነው። አክስቴ ፊደል አልቈጠረችም። ነገር ግን ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አይቼ ባነጋገርኋት ጊዜ «ዝም በል፥ ታስተኝ የለም እንዴ!» ትለኝ የነበረው በሥራዋ መካከል ሒሳብ ስለ ነበረ ነው።

ቀለሙንም የምትመርጠው በዚያው ሥርዓት ነበር። ዱቄት ቀለም በገበያ ቀን በትንንሹ ይሸመታል። ይህ ዱቄት የራሱ ረጅም ታሪክ አለው፤ ዊልያም ፐርኪን የተባለው የ18 ዓመት እንግሊዛዊ በ1856 መድኃኒት እሠራለሁ ብሎ ሐምራዊ ቀለም በስሕተት ካገኘ በኋላ፥ በፋብሪካ የተሠራ ቀለም በየአገሩ ገበያ ገባ፤ የእኛም ስፌት ደማቅ ቀይ፥ ደማቅ አረንጓዴና ሐምራዊ የለበሰው በዚህ መንገድ ነው። አክስቴ ከአንድ ማሰሮ ቀለም ሦስት አራት ዓይነት ታወጣለች። የመጀመሪያው እስር አክርማ ሲነከር ቀለሙን ጠጥቶ ይደምቃል፤ ሁለተኛው ይቀላል፤ የመጨረሻው ፈዛዛ ይሆናል። ደማቁን ለጠባቡ ስፍራ፥ ለሐረጉ ጠርዝና ለጫፉ ታስቀምጠዋለች፤ ፈዛዛው ለሰፊው ይሆናል። ካልተነከረው አክርማ ደግሞ ብዙ ትተዋለች። ምክንያቷን ስጠይቃት «ነጩ ካልተረፈ ቀይ ቀይ መሆኑን ማን ያውቅለታል?» አለችኝ። ከዚህም ሌላ ሁልጊዜ ከምትፈልገው ይልቅ አጥብቃ ትነክራለች፤ ፀሓይና የጎጆ ጢስ ቀለሙን እንደሚቀንሱት ታውቃለችና፥ ዛሬ የምትነክረው ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚታየው ነው።

ስለ አፍሪቃ ፍራክታል የተጻፈውን ያነበበ ሰው ይህ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ሊናገር ይችላል። ሮን ኤግላሽ የተባለው አሜሪካዊ በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ፥ መስቀሉ በየጫፉ ትንሽ መስቀል፥ በዚያም ጫፍ ሌላ ትንሽ መስቀል እያወጣ የሚሄደውን የኢትዮጵያ የመጾር መስቀል ከምሳሌዎቹ መካከል አስገብቶታል። ነገር ግን መስቀሉ ናስ ወይም ብር ነው፤ ስለ ቅርጽ እንጂ ስለ ቀለም አያስተምረንም። ስለ ቀለም የሚያስተምሩን ስፌቱና የጎንደር ሥዕል ናቸው።

የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሓፊዎች የጎንደርን ሥዕል በሁለት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው አሣሣል በ17ኛው መቶ ዓመት፥ ጎንደር ከተቈረቈረች በኋላ የተስፋፋው ነው። ቀለሙ ደማቅና ወጥ፥ መስመሩ ጥርት ያለ ነው፤ ቀዩ ካለቀበት ላይ ቢጫው ይጀምራል፥ መካከላቸው ምንም የለም። ሁለተኛው በ18ኛው መቶ ዓመት፥ በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን (1730–1755) የበለጸገው ነው፤ በጣና ደሴት ያለው የናርጋ ሥላሴ ሥዕል ከዚህ ወገን ነው። በዚህኛው ፊትና ልብስ በጥላ ይዳብራሉ፥ ከቅዱሳኑ በስተኋላ ያለው መደብም ከቢጫ ተነሥቶ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ ይለወጣል። የመጀመሪያውን ስልት በትልቁ ለማየት የሚሻ ሰው ሩቅ መሄድ ይኖርበታል፤ በጎንደር አጠገብ የነበረው የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ጓድ ከግድግዳው አንሥቶ፥ በምትኩ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራውን ቅጂ ተክቶ፥ ዋናውን ወደ ፓሪስ ወስዶታል። ዛሬ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛል። የጎንደርን ቀለም በፓሪስ ማጥናት ለእኛ ተማሪዎች እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ መግለጽ አያሻኝም።

የሚያስደንቀው፥ የፍራክታል ሠሪዎችም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይህንኑ መንገድ ተጕዘዋል። የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች እንደ መጀመሪያው የጎንደር ስልት ነበሩ፤ ዙር ሙሉ ቍጥር ነውና፥ 7ኛው እርከን ካለቀበት 8ኛው በስለት እንደ ተቈረጠ ይጀምራል። በኋላ ግን ነጥቡ ባመለጠ ጊዜ ከወሰኑ ምን ያህል እንዳለፈ በመለካት፥ ሎጋሪዝሙንም ሁለት ጊዜ በመውሰድ፥ በ7 እና በ8 መካከል 7.3 ወይም 7.8 የሚባል ዙር ማግኘት ተቻለ። ቀለሙም ከእርከን ወደ እርከን መዝለሉን ትቶ መፍሰስ ጀመረ። ዛሬ ይህ የተለመደ ነው፤ ማሳያዎችም 16,777,216 ቀለማት ስለሚያወጡ የቀለም እጥረት የለም። ለውጡን ሁሉ እድገት ብሎ መጥራት ግን ይከብደኛል። ለስላሳው ሥዕል ያምራል፤ እርከኑ ግን ከውስጡ ጠፍቷል፥ ተመልካቹም ዙሩን በዓይኑ ሊቈጥር አይችልም። የመጀመሪያውን የጎንደር ስልት ከሁለተኛው የሚያስበልጡ ሰዎች እንዳሉ ሁሉ፥ እኔም ለጥናት ሲሆን ባለ እርከኑን እመርጣለሁ።

ስለ ዓይን አንድ ነገር ልጨምር። በቍጥር እኩል የሆነ የቀለም እርምጃ ለዓይን እኩል አይደለም። ቢጫ ከሌሎች ይልቅ ያበራል፤ ስለዚህ ከሰማያዊ እስከ ቀይ እንደ ቀስተ ደመና የተዘረጋ ገበታ በቢጫው ላይ ሐሰተኛ ዳርቻ ይፈጥራል፤ በአረንጓዴው ውስጥ ደግሞ ያለውን ዳርቻ ይሸሽጋል። የዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን በ1976 እርምጃውን ለዓይን እኩል ለማድረግ የሚረዳ የቀለም መለኪያ አወጣ፤ ይሁን እንጂ ቀስተ ደመናው ከሳይንስ ሥዕሎች ለመውጣት ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። ማትፕሎትሊብ የተባለው የታወቀ የሥዕል ፕሮግራም ከጨለማ ወደ ብርሃን በእኩል በሚወጣ ገበታ የተካው በ2017 ነው። ቀይና አረንጓዴ ለማይለይ ሰውም ይህኛው ይነበባል። እንግዲህ ለጓደኛዬ የምመልሰው፥ ቀለም መምረጥ ፈቃድ ቢሆንም ሊሳሳት የሚችል ፈቃድ መሆኑን ነው፤ ሊሳሳት የሚችል ነገር ደግሞ ሊታረም ይችላል።

ይህን ሁሉ የተማርሁት በራሴ ስሕተት ነው። ለክፍላችን ትርኢት አንድ ሥዕል ሠርቼ ነበር፤ ከስብስቡ ጠርዝ የጨነቅን አፋፍ የሚመስል ክፍል አግኝቼ በቀስተ ደመናው ገበታ በሙሉ ቀባሁት። በማሳያው ላይ ያበራ ነበር። ባሳተምሁት ጊዜ ግን ሰማያዊውና ሐምራዊው ጠቍረው፥ ጠርዙም የተረገጠ ጭቃ መስሎ ወጣ። ማሳያ ቀለምን በብርሃን፥ ማተሚያ ደግሞ በቀለም ውሃ እንደሚሠራ፥ በብርሃን የሚገኘው ሁሉ በቀለም ውሃ እንደማይገኝ አላሰብሁም ነበር። ወረቀቱን ለዕረፍት ስወርድ ይዤው ሄድሁና ለአክስቴ አሳየኋት። በበሩ ብርሃን ላይ አድርጋ ብዙ ጊዜ ካየችው በኋላ «ሁሉም ይጮኻል፤ የቱን ልስማ?» አለችኝ።

ከዚያ ወደ ጨነቅ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወጣሁ። ጧት ጉሙ ከቆላው ሳይነሣ፥ ከአፋፉ ላይ ቆሜ ተራሮቹን አንድ በአንድ ቈጠርሁ። የቅርቡ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ቀጣዩ ሰማያዊ ይቀላቀልበታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው እየገረጣ ሄዶ የመጨረሻው ከሰማዩ ሊለይ ጥቂት ይቀረዋል። በመካከል ያለው አየር ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው። ስምንት ቈጠርሁ፤ ከጓደኞቼ አንደኛው ዘጠኝ ነው አለ። በዚያ ሁሉ ስፋት ውስጥ ቀይ የነበረው የጭላዳው ደረት ብቻ ነው፥ እርሱም ከሩቅ ይታይ ነበር።

ሥዕሉን እንደ ገና ስሠራ በመጀመሪያ ነጥቦቹን በየዙራቸው ቈጠርሁ። ሰፊውን ሜዳ ካልተነከረ አክርማ ጋር በሚመሳሰል ነጭ ቢጫ ተውሁት። ከዚያ ወደ ጠርዙ በስምንት እርከን ከገረጣ ሰማያዊ ወደ ጥቁር አረንጓዴ አወረድሁ፤ ለማተሚያውም በማሳያው ላይ ከምፈልገው ይልቅ ጥቂት አበራሁት። ቀዩን ለመጨረሻዎቹ ዙሮች ብቻ፥ ከስብስቡ ጋር ለሚጋጠመው ቀጭን ዳርቻ አስቀረሁ። ከወረቀቱ መቶ እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። አክስቴ ሁለተኛውን ወረቀት ስታይ ጣቷን በቀዩ ላይ አድርጋ እስከ ትንሹ እንቡጥ ድረስ ሳታነሣ ተከተለችው፤ ከዚያም እንቡጡ ላይ ቆማ ከእርሱ የሚቀጥለው የት እንዳለ ጠየቀችኝ።